«ድምፁ በሶፍትዌር ተስተካክሏል» ተብሎ የሚሸጥን ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት

ያገለገለ ስፒከር ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ፣ ሻጩ ዕቃውን ከራሱ ላፕቶፕ ጋር ብቻ አገናኝቶ የሚያሰማችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ከኪሳችሁ እንዳታወጡ አሳስባለሁ። በቅርቡ የቀረበልኝ ዋጋ የስፒከሩን ብቻ ሳይሆን «የልዩ ማስተካከያ ሶፍትዌር» እና የመጫኛ ሒሳብንም ያካተተ ነበር። ሶፍትዌሩ ግን ኢኳላይዘር ኤፒኦ ሆኖ አገኘሁት፤ ይህም ኢኳላይዘር፣ ማለትም የድምፅን ወፍራምና ቀጭን ክፍሎች ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ፣ ዊንዶውስ ያለው ማንኛውም ሰው በነፃ አውርዶ የሚጭነው ፕሮግራም ነው።

ከክፍያው ይልቅ ያሳሰበኝ በማስተካከያው የተሸፈነው ጉድለት ነው። ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) እንዲጎላ፣ በጣም ወፍራም በሆነው 40 ኸርዝ አካባቢ 10 ዴሲቤል ተጨምሯል። ይህ ማለት አምፕሊፋየሩ በዚያ ድምፅ ላይ አሥር እጥፍ ኃይል እንዲያወጣ ማዘዝ ሲሆን፣ 5 ዋት ይበቃው የነበረው 50 ዋት ይጠይቃል። ባለ 4 ኢንች ስፒከር ለእንዲህ ዓይነቱ ቤዝ የሚያስፈልገውን አየር የመግፋት አቅም ስለሌለው፣ ዝቅ ተደርጎ ሲከፈት ጆሮ ይማርካል፤ ከፍ ሲደረግ ግን ይንጣጣል፣ በዚያው ከቀጠለም ኮይሉ (በስፒከሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል) ሊቃጠል ይችላል። ሻጩ ድምፁን ለመጨመር እጄን በዘረጋሁ ቁጥር የሚከለክለኝ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ኢኳላይዘር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ በክፍሉ ግድግዳዎች ምክንያት የሚያጓራን ቤዝ ለመቀነስ ሁነኛ መሣሪያ ነው። የጎደለውን ለመሙላት ሲሆን ግን አቅሙ ውስን ነው። ለምሳሌ ስፒከሩ ከኋላው ካለው ግድግዳ 1.2 ሜትር ያህል ሲርቅ፣ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ 70 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ዋና ድምፅ ያዳክመዋል፤ በሶፍትዌር የሚጨመረውም እንዲሁ ከግድግዳው እየተመለሰ ራሱን ስለሚያጠፋ፣ የሚሻለው ስፒከሩን ማዛወር ነው፤ ለዚህ ደግሞ ማንም አያስከፍልም። በዚህም ምክንያት በሱቁ ክፍል ውስጥ የተደረገ ማስተካከያ ለሳሎናችሁ ይስማማል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የተቀደደ ወይም የሚንቀጫቀጭ ስፒከርንማ የሚጠግን ሶፍትዌር የለም።

ማስተካከያው ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ እንጂ ስፒከሩ ውስጥ ስላልሆነ፣ ከቴሌቪዥን ጋር ስታገናኙት አብሮ አይመጣም። ስለዚህ ደኅና አድርጋችሁ የምታውቁትን ዘፈን ከራሳችሁ ስልክ በገመድ አጫውቱ፤ የስልኩ ኢኳላይዘር መጥፋቱን አረጋግጡ፤ ድምፁንም ቤት ውስጥ በምትሰሙበት መጠን ከፍ አድርጉት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ጠይቁ።