ማካሮቭ፣ ቶካሬቭ ወይስ 9 በ19? የሽጉጥ ርግጫ ንጽጽር

ፒያሳ ወርቅ ቤት ያለው ነጋዴም ሆነ ሜክሲኮ ዙሪያ ሕንፃ የሚያስጠብቅ ድርጅት ሽጉጥ ሲመርጥ ክርክሩ የሚጀመረው ከጥይቱ ውፍረት ነው። ወፍራም ጥይት ይራገጣል፣ ቀጭኑ አይራገጥም፣ ትንሽ ሽጉጥ ደግሞ ለእጅ ይቀላል ይባላል። ሁሉም አባባል ገዢን ያሳስታል፤ የመጨረሻው ግን ይብሳል። (የምጽፈው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ላለው ሰው ወይም ድርጅት ነው።)

የርግጫ (ሽጉጡ ሲተኮስ ወደ እጅ የሚመለሰው ምት) ምንጭ የእርሳሱ፣ ማለትም ከቱቦው የሚወጣው የጥይት ጫፍ፣ ክብደትና ፍጥነት ነው፤ ሁለቱን ማባዛት ብቻ ብዙ ያሳያል። የማካሮቭ 9 በ18 ጥይት (የመጀመሪያው ቁጥር የእርሳሱ ውፍረት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፤ በሚሊ ሜትር ግምት) 6.1 ግራም እርሳስ በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል፤ ብዜቱ 1,900 ያህል ነው። የቶካሬቭ 7.62 በ25 እርሳስ 5.5 ግራም ብቻ ቢመዝንም ፍጥነቱ ከ420 ሜትር ስለሚበልጥ ከ2,300 ያልፋል። እነ ቤሬታና ግሎክ የሚተኩሱት 9 በ19 ፓራቤለም በ8 ግራምና በ350 ሜትር 2,800 ይደርሳል። ባለ 45 ካሊበሩ (ውፍረቱ 0.45 ኢንች ገደማ) ደግሞ 14.9 ግራም በ255 ሜትር ሲባዛ 3,800 ገደማ ይሆናል። የአዲስ አበባ ከፍታ ርግጫ ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ ስስ አየር የእርሳሱን ፍጥነት ጥቂት ቢጠብቅለት እንጂ እጅ ላይ የሚያርፈውን ምት አይለውጥም።

በዚህ ስሌት ማካሮቭ ከ9 በ19 በሢሶ ያህል መቅለል ነበረበት። እጅ ላይ ግን ልዩነቱ ይህን ያህል አይሰማም። አንደኛው ምክንያት ክብደቱ ነው፤ ባዶው ማካሮቭ 730 ግራም ሲሆን ቤሬታ 92 ደግሞ 950 ግራም አካባቢ ነው። ሁለተኛውና ዋናው አሠራሩ ነው። የማካሮቭ ቱቦ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ወደ ኋላ የሚመለሰውን ተንሸራታች ብረት የሚይዘው የራሱ ክብደትና ሞላው ብቻ ስለሆነ ምቱ በአንድ ጊዜ፣ ስል ሆኖ ይደርሳል። በቤሬታና በግሎክ ግን ቱቦውና ተንሸራታቹ ተቆላልፈው ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ይለያያሉ፤ ኃይሉም በዚያው መጠን በጊዜ ይከፋፈላል። ለማካሮቭ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ያ የማይነቃነቅ ቱቦ ለዒላማ ትክክለኛነት ይረዳዋል፤ ክፍሎቹም ጥቂት ስለሆኑ ለማጽዳት ቀላል ነው። የእሱንና የ9 በ19ን ጥይት ግን ማቀያየር አይቻልም፤ ሁለቱም 9 ቢባሉም የማካሮቭ እርሳስ በልክ 9.27 ሚሊ ሜትር ነው።

ቶካሬቭ የሚያስቸግረው በርግጫው አይደለም። 850 ግራም ያህል ይመዝናል፣ አሠራሩም የተቆላለፈ ነው፤ አፈሙዙ እንደተፈራው አይነሣም። የሚያስቸግረው ጩኸቱና ብልጭታው ነው። ያልለመደ ተኳሽ ድምፁን እንደ ምት ቆጥሮ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ምላጩን ይነጥቃል፣ እርሳሱም ከዒላማው በታች ይወርዳል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። የመጀመሪያው ሞዴል ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚከላከል መቆለፊያ ማንሻ የለውም፤ ያለው መዶሻውን በግማሽ ማቆም ብቻ ነው። በዚያ ላይ ቀጭንና ፈጣን እርሳሱ ብዙ ነገር ይበሳል። ጭቃ ቤቶች ግድግዳ ተጋርተው በቆሙበት፣ አጥሩ ቆርቆሮ በሆነበት የመሐል ከተማ ሰፈር የትኛውም የሽጉጥ ጥይት ጎረቤትን ያሰጋል፤ ይህ ግን የባሰ ነው። ለከተማ ጥበቃ አልመርጠውም።

የእኔ ምርጫ ሙሉ መጠን ያለው 9 በ19 ነው። 17 ጥይት የሚጎርሰው ግሎክ 17 ባዶውን ከ650 ግራም በታች ቢሆንም ካዝናው ሲሞላ 900 ግራም ይጠጋል፤ ቱቦውም ለእጅ ቅርብ ሆኖ ስለተቀመጠ አፈሙዙ ብዙ አይዘልም። ነገር ግን ይኸው ጥይት በኪስ የሚገባ 500 ግራም ሽጉጥ ውስጥ ሲገባ ከማካሮቭ የከፋ ይራገጣል። ትንሿን ለሚስቴ ወይም ለእናቴ ልግዛ የሚል ሰው ከሱቁ ሁሉ ለመተኮስ አስቸጋሪውን መረጠ ማለት ነው።

ከ9 በላይ ስላሉት ብዙ አልልም። የአሜሪካው ኤፍቢአይ በ1990ዎቹ ባለ 40 ካሊበሩን ተቀብሎ በ2010ዎቹ ወደ 9 በ19 ተመልሷል፤ አንዱ ምክንያት አብዛኛው ተኳሽ በ9 ፈጥኖና አስተካክሎ መምታቱ ነው። 1911 የሚባለው ባለ 45 ካሊበር ሽጉጥ ከአንድ ኪሎ ስለሚበልጥ ይገፋል እንጂ አይገርፍም፤ እጀታው ግን ለትንሽ እጅ አይመችም። ባለ 22 ካሊበሩ ርግጫ የለውም ማለት ይቻላል፤ በኦሊምፒክ የ25 ሜትር ውድድር የሚተኮሰውም እሱ ነው። ምላጭ አሳሳብ ለመማር ከእሱ የተሻለ የለም።

አንዱን ከመምረጥ በፊት ሁለት ነገር መሞከር ያስፈልጋል። በተፈቀደ መተኮሻ ቦታ፣ ጆሮን ሸፍኖ፣ 5 ጥይት በ7 ሜትር ርቀት በተከታታይ መተኮስ፤ መታየት ያለበት የመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የት እንዳረፉ ነው። ሌላው ማቀባበል ነው። የማካሮቭ ሞላ ጠንካራ ስለሆነ ርግጫውን የቻለ ሰው እንኳ ማቀባበሉ ሊያቅተው ይችላል። ለበርካታ ጥበቃዎች አንድ ዓይነት ሽጉጥ የሚገዛ ድርጅት ይህን ሙከራ በጉልበተኛው ሳይሆን እጁ ትንሽ በሆነው ሠራተኛ ያድርግ፤ ባዶነቱ የተረጋገጠውን ሽጉጥ እሱ ደጋግሞ ማቀባበል ካልቻለ ሌላ ያሳዩን ይበል።