ደሴ ላይ የስፐርም ምርመራ ውጤቴን አስረድታ የላከችኝን ልጅ ሳላመሰግን አላልፍም

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ደሴ አንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ የምትሰራ ልጅ አለች፣ ስሜን እንዳትጽፍ ስላለችኝ አልጽፈውም፣ ግን ልጅ ለዘገየባችሁና ባልየው የዘር ፈሳሽ ምርመራ ለታዘዘለት ሁሉ እሷ ጋ ሂዱ ነው የምለው።

እኛ ኮምቦልቻ ነን። ልጅ ሲዘገይ መቼም የሰው ሁሉ አይን ሚስቴ ላይ ነው፣ እናቴ ጸበል ውሰዳት ትላለች ጎረቤት ዱዓ አስደርጉላት ይላል፣ ሁለቱም ከቅን ልብ ነው አውቃለሁ፣ ግን ባልየውስ ይታይ ያለ አንድ ሰው አልነበረም። የማህጸን ሐኪሙ ነው በስንት ጊዜው አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልመጣ ሁለታችሁም ናችሁ የምትመረመሩት፣ ከሚቸገሩት ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ የወንዱም ጉዳይ አለበት ብሎ የላከኝ።

መጀመሪያ የተመረመርኩበትን ቦታ ስሙን አልጠራም። ወረቀቱን በመስኮት ሰጥተውኝ "ትንሽ ነው፣ ደካማም ነው" ብለው ቀጣዩን ሰው ጠሩ፣ በቃ። ወረቀቱ ላይ ካውንት (ብዛቱ) 11 ሚሊዮን፣ ሞቲሊቲ (እንቅስቃሴው) 28%፣ ከስር ደሞ አብኖርማል 95% ይላል። 95% አብኖርማል የሚል ወረቀት ኪሱ ይዞ ሚስቱ ጋ የገባ ሰው ያውቀዋል፣ የሀረጎን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድኩ ራሱ አላስታውስም።

ይቺን ልጅ ያገኘኋት በዘመድ ጥቆማ ነው። ሴት ስለሆነች መጀመሪያ አፍሬ ነበር፣ እሷ ግን "አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ እንደ ደም ምርመራ ነው" አለችና ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ እስክሪብቶ አነሳች። የጀመረችው ከ95%ቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ላይ ከ100ው 4ቱ ቅርጻቸው የተስተካከለ ከሆነ በቂ ነው፣ አንተ 5 አለህ፣ ይሄ ኖርማል ነው ብላ አከበበችበት። እውነት ለመናገር እዛው ወንበሩ ላይ እንባዬ መጣ።

ቀጥላ ካውንቱን። ወረቀቱ ላይ ከ20 ሚሊዮን በላይ መሆን አለበት ተብሎ የታተመው የ1999 መለኪያ ነው፣ በ2021 የወጣው 16 ሚሊዮን በሚሊ ሊትር ነው የሚለው (ሁሉም በፈረንጅ ነው)። 11 ግን ከዛም በታች ነው፣ እሱን አልደበቀችኝም። የፈሳሹ መጠን 3 ሚሊ ሊትር ስለነበር አባዝታ ጠቅላላው 33 ሚሊዮን ነው፣ መስመሩ 39 ነው አለችኝ። መስመሩ ከየት እንደመጣ ስትነግረኝ ነው ደሞ የገባኝ፤ ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ያረገዙላቸውን ወንዶች ለክተው ዝቅተኛዎቹ 5% የሚያበቁበትን ቁጥር ነው የያዙት፣ ስለዚ ከሱ በታች ያለ ሰው መካን ነው ማለት አይደለም፣ ከሱ በላይ ያለም በእርግጠኝነት ይወልዳል ማለት አይደለም።

ከዛ ጥያቄ ጀመረች፣ የመጀመሪያው ቦታ አንዱንም ያልጠየቀኝን። ናሙናውን የት ሰጠህ? ከቤት ነበር ይዤ የመጣሁት፣ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ በጠዋት ብርድ፣ ደርሼም ወረፋ ጠብቄ። በ1 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፣ እሱም ሰውነትህ ጋ ተጠግቶ ሳይቀዘቅዝ፣ ካልሆነ እንቅስቃሴው ይወርዳል አለች። ከግንኙነት ስንት ቀን ቆይተህ ነበር? ከ2 እስከ 7 ቀን ነው መሆን ያለበት። ባለፉት ሁለት ሶስት ወራት ትኩሳት ነበረብህ? አዎ፣ ለስራ ባቲ ወርጄ ወባ አንቀጥቅጦኝ ነበር። ይሄን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አንድ ስፐርም ተሰርቶ እስኪያልቅ 74 ቀን አካባቢ ይፈጃል፣ ዛሬ የምናየው ያኔ የተጀመረውን ነው፣ ከባድ ትኩሳት ደሞ ምርቱን ይቀንሰዋል፣ በአንድ ውጤት ማንም አይፈረድበትም፣ ሶስት ወር ጠብቀን እንደግመው አለችኝ።

ስመለስ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል ሰጠችኝ፣ አትቸኩል አለችኝ። ሳሙናም ምራቅም እንዳይነካው፣ ተራ ኮንዶምም አይሆንም፣ ጠብታ ከፈሰሰብህ በተለይ የመጀመሪያው ንገረኝ፣ ብዙው ስፐርም ያለው እሱ ላይ ነው ብላ አስጠነቀቀችኝ። ከዛ ማይክሮስኮፑ ላይ ና እይ አለችኝ። አየሁ ወላሂ! አንዳንዱ ቀጥ ብሎ ወደፊት ይሮጣል፣ አንዳንዱ እዛው ይሽከረከራል፣ አንዳንዱ ዝም ብሏል። ወደፊት የሚሄዱት ለብቻቸው ነው የሚቆጠሩት፣ 30% ከሞሉ ይበቃሉ፣ እዛው የሚሽከረከሩት ተጨምረው ደሞ 42%። የኔ 35 እና 46 ሆነ፣ ካውንቱ 24 ሚሊዮን።

አንድ ነገር ሳልጽፍ እንዳልቀር፣ ጂም የሚሰራ ጓደኛዬ የወንድ ሆርሞን መርፌ ተወጋ ብሎኝ ነበር፣ ስነግራት ደነገጠች። ቴስቶስትሮን ከውጪ ሲገባ ጭንቅላት ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቋርጣል፣ ስፐርም እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል አለች። ወንድሞቼ ልጅ እየፈለጋችሁ ይሄን መርፌ እንዳትነኩት በአላህ። ሲጋራም ተው ብላኛለች፣ ትቻለሁ።

ቫይታሚን ልሽጥልህ አላለችም። ከሷ ቦታ አልፋም አልሄደችም፣ "እኔ ላብራቶሪ ነኝ፣ የሚወስነው ሐኪም ነው" ብላ የፍሬው ደም ስር አብጦ እንደሆነ እንዲያይልኝ ዩሮሎጂስት (የሽንት ቧንቧና የወንድ ብልት ሐኪም) ጋ ላከችኝ፣ እሱም አይቶ ምንም የለም አለኝ። ሚስቴ ገና አላረገዘችም፣ እሷም ክትትሏን እየጨረሰች ነው፣ ግን ቤታችን ውስጥ ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ወሬ ቀርቷል፣ እናቴም ወረቀቱን አስረድቻት ጸበሉን ለሁለታችንም አርጋዋለች።

እህቴ ይሄን ካነበብሽው አላህ ያክብርሽ፣ ልጆችሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ እልክላችኋለሁ፣ የድሮ ውጤት ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን አትገባም።