ደብተር ወይስ ኪስ? የልጅ ሕክምና በደብረ ብርሃን

የደብረ ብርሃን ብርድ አይጣል ነው። ሐምሌ ሲገባ ልጅ ማሳሉ አይቀርም። ያኔ የቀን ሠራተኛ ወላጅ ሁለት መንገድ አለው። ወይ የጤና መድን ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ወይ ኪሱን ዳብሶ የግል ክሊኒክ ይገባል።

የግሉ ፈጣን ነው። ጠዋት ገብቶ ረፋድ ላይ ሥራ መድረስ ይቻላል። ግን ካርዱ፣ ላብራቶሪው፣ መድኃኒቱ ለየብቻ ይከፈላል። ብሩ ከየት ይመጣል? ከእቁብ፣ ከጎረቤት፣ ወይ ለቤት ኪራይ ከተቀመጠው።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አማራ ክልልም ነበረበት። የታሰበው መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ሰው ነው። መዋጮው በዓመት አንዴ ነው፤ ደብተሩም መላ ቤተሰቡን ያሳክማል። እጅግ ለደኸየው ደግሞ መንግሥት ይከፍልለታል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከባድ ከሆነ በሪፈር ወደ ሆስፒታል።

ጣጣው መድኃኒት ላይ ነው። አምና ልጄን ይዤ ሄድኩ። ምርመራው በደብተሩ አለቀ። ሽሮፑ ግን «የለም፣ ከውጭ ግዢ» ተባልኩ። ወረፋው ግማሽ ቀን በልቶብኝ ነበር፤ የግማሽ ቀን ደመወዝም አብሮ ሄደ።

(ክትባት መንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው። ለእሱ ብር የሚከፍል ሰው ሳይ ይገርመኛል።)

ለቀላል ጉንፋን የግሉን የመረጠ አልፈርድበትም። የሳንባ ምች ይዞት አልጋ የሚያዝ ልጅ ከሆነ ግን እኔ ደብተሩን ነው የምይዘው። እሱም በጊዜው ከታደሰ ነው።