እራቱም ጥሩ፣ አፋፉም ጥሩ፤ ሰዓታቸው ግን አልተገናኘም

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስትሄዱ፣ መንገዱ ወደ ገደሉ ጠጋ በሚልበት በኩል ያለ ማረፊያ ነው። ሥራዬ ሹፌርነትና ማስጎብኘት ስለሆነ «የት እንደር?» የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። ይህን ቤት እኔም እመክራለሁ። አልጋው ንጹህ ነው፣ ሠራተኞቹ ሰው አክባሪ ናቸው፣ ምግቡም ይጣፍጣል። ነገር ግን ስለ እራት ሰዓት አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ፣ ያን ሁሉ መንገድ የመጣችሁበት ነገር ውጭ ሲያልፍ እናንተ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣችሁ ሽሮ ትጠብቃላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ላስረዳ። የሸዋ ደጋ እዚህ ጋ ድንገት ያልቃል። የቆማችሁበት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፊት ለፊት ያለው ቆላ ከ2,000 ሜትር በላይ ዝቅ እያለ እስከ አዋሽና እስከ አፋር ሜዳ ይዘረጋል። ገደሉ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው። እንግዳ ሁሉ «ጀምበር ስትጠልቅ እናያለን» ብሎ ይመጣል። ጀምበር ግን የምትጠልቀው ከኋላ፣ በደጋው በኩል ነው። የሚታየው ሌላ ነገር ነው። የተራራው ጥላ ቆላው ላይ እየረዘመ ይሄዳል። መጀመሪያ ቅርብ ያሉትን ሸንተረሮች ይሸፍናል፣ ከዚያ መንደሮቹን፣ ከዚያ ሜዳውን። ፀሐይ ከገባች በኋላ ደግሞ በአፋር በኩል ከሰማዩ ግርጌ ግራጫ የመሰለ ሰማያዊ መደብ ቀስ ብሎ ይነሳል። ከላዩ ሮዝ ነው። ብዙ ሰው ደመና ይመስለዋል። ያ ሰማያዊ ግን የምድር የራሷ ጥላ ነው፣ አየሩ ላይ አርፎ። እኔ ስንቴም ባየው አይሰለቸኝም።

ከዚያ በፊት ጭላዳዎቹ አሉ። ቀኑን ሙሉ ሣር ሲግጡ ይውሉና ወደ 11 ሰዓት ገደማ ወደ አፋፉ ይሰበሰባሉ። የሚያድሩት ገደሉ ላይ፣ ጅብ በማይደርስበት ጠርዝ ነው። ግልገሎቹ እናታቸው ጀርባ ላይ ተለጥፈው አንድ በአንድ ሲወርዱ ማየት ለልጅም ለአዋቂም ደስታ ነው።

ችግሩ ይህ ሁሉ ቶሎ ማለቁ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከገባች በኋላ በደንብ የሚያሳይ ብርሃን የሚቆየው 20 ደቂቃ ያህል ነው። በጥቅምት ነገሩ ሁሉ ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ያበቃል።

ይህ ቤት ለእራት የሚጠራው ደግሞ ልክ በዚያ መሃል ነው። በቅርቡ ከአዲስ አበባ አንድ ቤተሰብ ይዤ ሄጄ ነበር። አያት፣ ልጃቸው፣ ምራታቸውና ከውጭ አገር የመጣች የልጅ ልጅ። አያትየዋ፣ እማማ የምንላቸው፣ ከአንኮበር በታች ነው የተወለዱት። በልጅነታቸው ወጥተው በእድሜያቸው አመሻሽ መመለሳቸው ነው። ዓርብ ደረስን። 11 ሰዓት ተኩል ላይ አስተናጋጇ በረንዳው ላይ መጥታ «እራት ደርሷል፣ ግቡ» አለችን። ገባን። የመመገቢያ አዳራሹ መስኮቶች ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያዩ ናቸው። ይህ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ ቤት ነው፤ አዳራሹ ግን ለገደሉ ጀርባውን ሰጥቷል።

ምግቡ የቀረበው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ ጠረጴዛ ከበን ተቀመጥን። ወጣ እንዳንል «አሁን ይመጣል» ይሉናል። እማማ ሦስት ጊዜ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ። በመጨረሻ ለልጃቸው «ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ሽሮ ልበላ ነው እንዴ? ሽሮ ሰፈራችንም አለ» አሉት። ስንወጣ ጨልሟል። ጥላውም ሮዙም አልፏል፣ ጭላዳዎቹም ወርደዋል።

እውነቱን ለመናገር ሽሮው ራሱ ምንም አይወጣለትም። የባቄላ ሽሮ ነው፣ ተጋቢኖ፣ በሸክላ እየተንተከተከ የመጣ። ምስሩ በስሎ ሟሙቷል። እንጀራው ገብስ የተቀላቀለበት ነው፣ እንደ አካባቢው ወግ። ሰው የሚጣላበት ምግብ አይደለም።

የዘገየውም በስንፍና አይደለም። ማድ ቤት ገብቼ ወጥ ቤቷን አነጋገርኳት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ምስርና አተር ከአዲስ አበባም ይብስ ይዘገያል፤ ከቆላ ጋርማ አይወዳደርም። እሷ ዲግሪውን አልጠቀሰችልኝም፤ «እዚህ ጥራጥሬ እሺ አይልም» ነው ያለችኝ። ትዕዛዝ የሚሰጣት 11 ሰዓት ላይ ነው። እና እንዴት አድርጋ በግማሽ ሰዓት ታድርስ? ስለዚህ መስተካከል ያለበት ትዕዛዝ የሚቀበሉበት ሰዓት ነው። እንግዳ ሲገባ፣ ገና ምሳ ሰዓት ላይ፣ «ማታ ምን ትበላላችሁ? ስንት ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ገንዘብ የማይጠይቅ ማስተካከያ ነው።

የልጅ ልጅየዋ ያን ማታ ስለ አላስካ አወራችን። ከጓደኞቿ ጋር በሽርሽር መርከብ ሄዳ ነበር። እዚያ እራት በሁለት ዙር ነው፣ የመጀመሪያው በጊዜ፣ ሁለተኛው መሸት ሲል። ሰዓት የማይፈልግ ደግሞ ራሱ እያነሳ የሚበላበት አዳራሽ አለ። በየቀኑ የነገው ፕሮግራም በወረቀት ይደርሳቸዋል፤ መርከቧ የበረዶ ግግሩ ፊት የምትደርስበት ሰዓት ተጽፎበታል። ዓሣ ነባሪ ከታየ በድምጽ ማጉያ ይነገራል፣ ሰውም ሾርባውን ትቶ ይወጣል። በሰኔ እዚያ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ በጊዜ በልቶ ለመውጣት ሰፊ ጊዜ አለ። እኛ ጋ ያ ሁሉ ሰዓት የለም። ስለዚህ ከእነሱ የበለጠ ሰዓት መቁጠር ያለብን እኛ ነን ብዬ አምናለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አስኪያጁን አገኘሁት። ወጣት ነው፣ ሰው ይሰማል። እራቱን ለሁለት እንክፈለው አልኩት። 11 ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ቀለል ያለ ነገር፤ ዋናው እራት 1 ሰዓት ላይ አዳራሽ ውስጥ፣ እሳቱ አጠገብ። ትንሽ አመነታና «እሺ ጋሼ፣ እንሞክረው» አለኝ።

ሞከርነው። 11 ሰዓት ላይ የገብስ ቆሎ፣ የድፎ ዳቦና በቀረፋ የተፈላ ሻይ ቀረበ። ለእማማ ባና የሚባለው የሱፍ ልብስና ጋቢ ተደረበላቸው። ጭላዳዎቹ ከበረንዳው በታች እያለፉ ወረዱ። ጥላው ረዘመ። እማማ ያኔ ነው አፋቸው የተፈታው። በጣታቸው ቁልቁል እያሳዩ የአልዩ አምባን አቅጣጫ፣ አባታቸው ጨው ሊገዙ የሚወርዱበትን መንገድ፣ በቅሎ የምታርፍበትን ውሃ ነገሩን። አስተናጋጇ ትሪውን ይዛ ቆማ ቀረች። የእሷም አያት የዚያው አገር ሰው ናቸው ለካ።

ጨረቃዋ ደግሞ ሙሉ ነበረች። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ በምትገባበት ሰዓት ነው፣ በተቃራኒው በኩል። እዚህ አፋፍ ላይ ተቃራኒው ማለት ፊት ለፊት ነው። 12 ሰዓት አካባቢ ከዚያ ሰማያዊ ጥላ ውስጥ ቀይ ሆና ወጣች። ማንም አልተናገረም። ከዚያ ብርዱ ሲጠና ገባን። 1 ሰዓት ላይ የመንዝ በግ ጥብስ ከእሳቱ ጎን ተበላ። ሥጋው ሳይደርቅ፣ ሽንኩርቱ ሳያር፣ ቃሪያው ላይ ላዩን። ወጥ ቤቷ የጊዜ ግፊት ሲነሳላት ምን እንደምትሠራ ያየሁት ያን ማታ ነው።

ሙሉ ጨረቃን ለሚፈልግ አንድ ነገር ልጨምር። በማግስቱ ጨረቃ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ስለዚህ በማግስቱ የምትሄዱ ከሆነ እራቱን ለሁለት መክፈል ላያስፈልግ ይችላል፤ በጊዜ በልቶ 1 ሰዓት ሳይሞላ መውጣት ይሻላል።

ቁርስ ላይም ያው ቅሬታ አለኝ። ገደሉ ወደ ምሥራቅ ያያል ብያለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከቆላው ጫፍ ስትወጣ እኛ በረንዳው ላይ ነን፣ ቡና ግን የለም። ቁርስ የሚጀመረው 1 ሰዓት ተኩል ነው። እንቁላል ፍርፍር በዚያ ሰዓት አልጠይቅም። አንድ ጀበና ቡና ብቻ ቢኖር ይበቃል። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ፣ ገና አልተስተካከለም።

የቀረውን በአጭሩ። ዋጋው ከደብረ ብርሃን ሆቴሎች ከፍ ይላል፤ ለቦታው ሲባል አይበዛበትም። ሙቅ ውሃ ማታ ብቻ ነው። ብርድ ልብሱ ሁለት ነው፣ ሦስተኛ ጠይቁ ይሰጧችኋል። ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች ከመኪና ማቆሚያው በኩል ያለውን ክፍል ያዙ፤ ወደ ታችኞቹ የሚወስደው ደረጃ ያስቸግራል። በክረምት አትሂዱ፤ ጉሙ ከቆላ ተነስቶ ገደሉን ሞልቶት ይውላል። ከጥቅምት እስከ ጥር ጥሩ ነው፣ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ አይቻልም።

ስትደውሉ «እራት በረንዳ ላይ 11 ሰዓት፣ ዋናው 1 ሰዓት» በሉ። የጾም ቀን ከሆነ ምግቡን በዚያው ስልክ እዘዙ፣ ምስሩ ጊዜ ይፈልጋል። በረንዳው ላይ ከግራ ጥግ ያለውን ጠረጴዛ ጠይቁ። ጭላዳዎቹ የሚወርዱት በዚያ በኩል ነው።