ለትራክ የሚሆን ካምቢዮ፦ ፍሬን ተይዞ ማርሽ ሲቀነስ የትኛው ያዋጣል?

ለትራክ (ለመኪና መሮጫ ሜዳ) የሚሆን መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፈረስ ጉልበት ነው። ካምቢዮው የሚፈተነው ግን ቀጥታው አልቆ ኩርባው ሲደርስ፣ ፍሬን በሙሉ ኃይል ተይዞ ማርሽ ሲቀነስ ነው። ምርጫውም ከዚያ ቢነሳ ይሻላል።

ነገሩ ሒሳብ ነው። ሬሾው (የማርሹ የዙር ምጣኔ) 1.3 በሆነ 4ኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 4500 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ በዚያው ፍጥነት ሬሾው 1.7 የሆነው 3ኛ ማርሽ 5900 ገደማ ይፈልጋል። ይህን የ1400 ዙር ጉድለት ነዳጅ ካልሞላው ጎማ ይሞላዋል፤ ፍሪሲዮን ሲለቀቅ ጎማዎቹ ሞተሩን ጎትተው ያፈጥኑታል። በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ይህ አደገኛ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ፣ የቀለለው የኋላ ጎማ ይቆለፍና መኪናው ይሾራል።

ተራ ማኑዋል

እዚህ ጉድለቱን የሚሞላው የነጂው ቀኝ እግር ነው። ፍሬኑን ከጣቶች ሥር ባለው የእግር ክፍል አጥብቆ መያዝ ይቀድማል። ፍጥነቱ በደንብ ከወረደ በኋላ ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ማርሹ ይገባል፣ ፍሬኑ ሳይላላ በዚያው እግር የቀኝ ጠርዝ ነዳጁ ለቅጽበት ይመታል፣ ዙሩ ሲነሳ ፍሪሲዮኑ ይለቀቃል። ዘዴው «ሂል ኤንድ ቶ» (ተረከዝና ጣት) ቢባልም፣ ብዙ ነጂዎች የሚጠቀሙት ተረከዛቸውን ሳይሆን የእግራቸውን ጎን ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተው በሁለት ቦታ ነው። ነዳጁን ሲመታ የፍሬኑ ጫና ይዋዥቃል፤ ወይም ፍጥነቱ ሳይወርድ ቸኩሎ ማርሽ ይቀንሳል። የከፋው ከ5ኛ ወደ 4ኛ ሲታሰብ 2ኛ ሲገባ ነው። የዙር ገዳቢው ነዳጅ ቢያቋርጥም ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለሆኑ አያድነውም፤ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ።

ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሞተሩን አስነሥተው ፍሬኑን አጥብቀው ይርገጡ። በዚያ ጊዜ የፍሬን ፔዳሉ ከነዳጁ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ መሆን አለበት። ዝቅ ካለ እግሩ ሳይፈለግ ነዳጁን ይጫናል። በሙከራ ጉዞ ላይ ደግሞ ፍሬንና ነዳጅ አብረው ሲረገጡ ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚቆርጥ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከቆረጠ ዘዴው በዚያ መኪና ላይ አይሠራም። የፍሬን ዘይትም አይረሳ። ዶት 4 የሚባለው ደረጃ አዲስ ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ዶት 5.1 ደግሞ እስከ 260 ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ የጠጣ አሮጌ ዘይት ግን ቀድሞ ይፈላና ፔዳሉ ይሰምጣል።

ዙር የሚያስተካክል ማኑዋል

ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2009 ሞዴሉ 370ዜድ ላይ ያመጣው ዓይነት ነው፤ በሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አርና በቶዮታ ጂአር ያሪስም ይገኛል። ኮምፒውተሩ የማርሹን ዘንግ አንብቦ ነዳጁን ራሱ ይመታል፣ ነጂው ፍሬኑ ላይ ብቻ ያተኩራል። የተሳሳተ ማርሽ ከማስገባት ግን አያስጥልም። መማር ለሚፈልግ ሰው የእኛ ምርጫ ይህ ነው፤ ሲያሻ የሚጠፋ እስከሆነ ድረስ።

ባለ ሁለት ፍሪሲዮን

ለፈጣን ሰዓት የሚሮጥ ሰው ይህን ይግዛ። አንዱ ፍሪሲዮን ጎዶሎ ቁጥር ማርሾችን፣ ሌላው ሙሉ ቁጥሮቹን ስለሚይዝ ተከታዩ ማርሽ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ሞተሩን የሚጎዳ ማርሽ ሲጠየቅ ኮምፒውተሩ እምቢ ይላል፤ የፍሪሲዮን ፔዳል ስለሌለ በግራ እግር ፍሬን መያዝም ይቻላል። ሆኖም እምቢ ሲል የማርሽ መቀነሻውን ደጋግሞ መጫን ስህተት ነው። ትእዛዙ ዘግይቶ ኩርባው መሐል ሊፈጸም ይችላል። ጥቂት ጠብቆ አንዴ መጫን ይበቃል። ለትራክ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ የሚሠራው ይሻላል፤ ደረቁ ሙቀት አይችልም። ያገለገለ ከሆነ ዘይቱ በወቅቱ መቀየሩን ሰነድ ይጠይቁ።

እንደ ካምቢዮ አምራቹ ዜድኤፍ ባለ 8 ማርሹ ያለ ዘመናዊ አውቶማቲክም ለትራክ ይበቃል። ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያስተካክል ክፍል) የሌለው ሲኩዌንሻል፣ ማለትም ማርሾቹ በተራ ብቻ የሚገቡበት ካምቢዮ፣ ግን በየጊዜው ተፈቶ የተበሉ ጥርሶቹ መቀየር ስላለባቸው፣ ለመደበኛ ውድድር ካልሆነ ባይገዛ ይሻላል።