ጣና ዳር የሚሰጠው የሺፍት ኃላፊዎች ስልጠና፦ ጠዋቱ ቢቀር፣ ከሰዓቱ ቢደገም

ባህር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አዳራሽ፣ ለሆቴልና ለምግብ ቤት ሺፍት ኃላፊዎች የሚሰጥ የሁለት ቀን ስልጠና ነው። ሠራተኛ ልላክ ወይስ አልላክ ለሚል ባለቤት አጭሩ መልስ፦ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ባይኖር ይሻላል፤ የሁለተኛው ቀን ከሰዓት ብቻውን ክፍያውን ይመልሳል።

ጠዋቱ ፒራሚድ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ የማዝሎው የፍላጎት ደረጃ፣ ማለትም የሰው ፍላጎት ከምግብ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ክብር ይወጣል የሚለው ሐሳብ፣ ስላይድ ላይ ይወጣና «ሆዱ ያልጠገበ ሠራተኛ ክብር አይጠይቅም» ይባላል። ማዝሎው እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ግን ፒራሚድ የለም፤ ሥዕሉን ኋላ ያመጡት ሌሎች ናቸው። ደመወዙ ወር የማያደርሰው አስተናጋጅም ቢሆን እንግዳ ፊት ከተሰደበ ሽርጡን ጥሎ ይሄዳል። ቀይ አለቃ፣ ሰማያዊ አለቃ የሚለው የባሕርይ ፈተና ደግሞ ከማሳቅ አያልፍም።

ወደ ቁም ነገሩ፣ ወደ ሁለተኛው ቀን ከሰዓት እንምጣ። ሦስት ሦስት ሰው ይመደባል፦ አስተናጋጅ፣ ኃላፊ፣ ታዛቢ። የጾም ቀን ነው፣ ሰዓቱ 7፣ ኪችን የቀረው ቆሮሶ ዓሳ ለ4 ሰው ብቻ ይበቃል፣ 3 ጠረጴዛ ገና አላዘዘም። አስተናጋጁ ያውቃል፣ ኃላፊው አያውቅም። በመጀመሪያው ዙር ኃላፊው እንደ ወትሮው «ምን ሆንክ ደግሞ?» ይላል። «ኧረ ምንም» ይባልና ትዕዛዙ ይቀጥላል፤ የዓሳውን ማለቅ እንግዳው የሚሰማው 20 ደቂቃ ከጠበቀ በኋላ ነው። በሁለተኛው ዙር ኃላፊው ስልኩን ያስቀምጣል፣ «ቀድመህ መንገርህ ደግ ነው» ይላል፣ «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብሎ 5 ሰከንድ ዝም ይላል። ታዛቢው ሰከንዱን ይቆጥራል። የሚከብደው ዝምታው ነው፤ አለቃ የሆነ ሰው ጠይቆ ራሱ መመለስ ይቀናዋል።

ልምምዱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ በደንብ የሚመሩት ቡድኖች ብዙ ስህተት አስመዝግበው አገኘቻቸው። ነገሩ የገባት ኋላ ነው፦ የበዛው ስህተቱ ሳይሆን መናገሩ ነበር።

ቀጥሎ ግብረ መልስ ይመጣል። ቃሉ ሲጠራ አዳራሹ ጭር ይላል፤ ብዙ ሰው የሚሰማው «ግምገማ» ነው፣ ተሰብስቦ አንዱን ማብጠልጠል። ፍርሃቱ መሠረት አለው። ተመራማሪዎቹ ክሉገርና ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ብዙ ጥናቶችን ደምረው ሲያዩ፣ ከሦስት አንዱ በላይ የሚሆነው ግብረ መልስ ሥራውን አባብሶት ነበር፤ በተለይ ወሬው ከሥራው ወደ ሰውየው ማንነት ሲዞር። አሠልጣኙ ይህን በአንድ ምሳሌ ጥሩ አድርጎ ያሳያል፦ «ሁሌም ቸልተኛ ነህ» ሳይሆን «8 ቁጥር ጠረጴዛ ያሉት እንግዶች ሒሳብ ከጠየቁ በኋላ 15 ደቂቃ ቆዩ»።

ትልቁ ክፍተት እዚሁ ነው። የስልጠናው መመሪያ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ ስለሆነ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው። የ26 ዓመት ኃላፊ አባቱ የሚሆን ወጥ ቤት ሠራተኛን በወጣት ሠራተኞች ፊት ቢያርም፣ ቃሉ ምንም ቢለሰልስ ውርደት ነው። ሥራው ሲያበቃ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ የዛሬው ጉላሽ ጨው በዛበት የሚል እንግዳ ነበር፤ ምን ይሻላል ይላሉ?» ማለት የሚሠራ መንገድ ነው። ለዚህ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልተመደበም፤ ለሻይና ለሳምቡሳ 45 ደቂቃ ተመድቧል።

ሌላው ጉድለት ባለቤቶቹ አለመኖራቸው ነው። ኃላፊው «ደግ ነገርከኝ» ባለ ማግሥት ባለቤቱ የተሰበረ ሳህን ከደመወዝ ከቆረጠ፣ አስተናጋጁ የሚያምነው ቆረጣውን ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ አፉን ይዘጋል።

ስለዚህ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ በአንድ ዙር ከ15 ሰው እንዳይበልጥ (ከ30 በላይ ሲሆን ለአንድ ሰው አንድ ተራ እንኳ በጭንቅ ይደርሳል)፣ ባለቤቱ የሁለተኛውን ቀን ከሰዓት እንዲቀመጥ፣ አሠልጣኙም ከሁለት ሳምንት በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ቦታው ድረስ እንዲመጣ። ሦስተኛውን እምቢ ካሉ ዋጋ ይቀንሱ። ወንበሮቹም ጀርባቸውን ለሐይቁ ቢሰጡ ጥሩ ነው፤ ከፔሊካን ጋር የሚፎካከር ስላይድ የለም።