ራውተሬን ከመስታወት ጀርባ ላወጣልኝ ባለሙያ

ትናንት ቤቴ መጥቶ ሦስት ሰዓት ሙሉ የለፋልኝን የኔትወርክ ባለሙያ ለማመስገን ነው የምጽፈው። ስሙን እዚህ አላወጣም፣ እሱም አልፈለገም። ዋይፋይ ያስመረራችሁ ካላችሁ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኩን እንድሰጣችሁ ፈቅዶልኛል።

የምሠራው ከቤት ነው፤ ግማሽ ቀኔ በቪዲዮ ስብሰባ ያልቃል። መኝታ ቤት ካለችው ጠረጴዛዬ ሆኜ ስናገር ድምፄ እየተቆራረጠ፣ ምስሌ አፌን እንደከፈትኩ ደርቆ እየቀረ ሁለት ወር ሙሉ ባልደረቦቼን ሳስቅ ኖርኩ። የምከፍለው ለ50 ሜጋቢት (በሰከንድ) የኢንተርኔት ፍጥነት ነው። ስለካው 8፣ ሲሻለው 11። አገልግሎት ሰጪው ጋ ደወልኩ፣ ደግሜ ደወልኩ፣ በስተመጨረሻ ከአንዲት ትሁት ሠራተኛ ጋር ተጨቃጨቅኩ። «መስመሩ በእኛ በኩል ደህና ነው» ስትለኝ ያው የተለመደው ማባረሪያ መስሎኝ ነበር። (ይቅርታ እህቴ፣ እውነትሽን ነው።)

ባለሙያው ሲመጣ «አዲስ ራውተር ይግዙ» ይለኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ራውተር ማለት ኢንተርኔቱን ተቀብሎ በዋይፋይ የሚያሰራጨው ሳጥን ነው። እሱ ግን ከቦርሳው አጭር ገመድ አውጥቶ ላፕቶፔን ከራውተሩ ጋር በቀጥታ አገናኘና የላፕቶፑን ዋይፋይ አጠፋ። «እናቴ፣ መጀመሪያ ጥፋቱ ከበር ውጭ ይሁን ከበር ውስጥ እንለየው» አለኝ። ለካ፤ 48። ገመዱን ነቅሎ እዚያው ራውተሩ ሥር በዋይፋይ ለካ፤ 31። ላፕቶፑን ታቅፎ መኝታ ቤት ገባ፤ 9። ምንም ሳይናገር ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። የሁለት ወር ጭቅጭቄ በአምስት ደቂቃ አለቀ።

«የዋይፋይ ምልክቱ እኮ ሊሞላ አንድ ነው የቀረው!» አልኩት፣ ለመሸነፍ ዝግጁ ስላልነበርኩ። ምልክቱ የሚናገረው የራውተሩ ድምፅ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ብቻ ነው አለኝ፤ ስንት ሰው አብሮ እያወራ እንደሆነ አይናገርም። በገመድ ውስጥ መላኩም መቀበሉም ባንድ ጊዜ ይሄዳሉ፣ መሀል የሚገባም የለም። አየር ላይ ግን ባንድ ቻናል (ባንድ የሞገድ መስመር) ያሉ ዕቃዎች ሁሉ ተራ ይጠብቃሉ፦ መጀመሪያ ያዳምጣሉ፣ ሌላው ሲጨርስ ይልካሉ፣ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ካልመጣ እንደገና ይልካሉ። ፍጥነቱ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ 300 የተጻፈበት ራውተር በእውነተኛ ሥራ ግማሹን ከሰጠ ጎበዝ ነው አለኝ። አሮጌ ዘገምተኛ ስልክ ካለማ ተራው ሲደርስ አየሩን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ ሌሎቹንም ያስጠብቃል።

ከዚያ ስልኩ ላይ አንድ መተግበሪያ ከፍቶ የሰፈሩን አየር አሳየኝ። አሥራ አራት ዋይፋይ ቆጠርኩ፤ ብዙዎቹ ቻናል 6 ላይ ተደራርበው ኮረብታ ሠርተዋል። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሞገድ ክልሎች አንዱ በሆነው 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የኔው 4 ላይ ተጎልቶ ከግራም ከቀኝም ይገፈተራል። ባንድ ቻናል ያሉት ቢያንስ ይደማመጣሉ፣ ተራ ይጠባበቃሉ፤ በከፊል የተደራረቡት ግን አንዱ ለሌላው ጫጫታ ብቻ ነው። 4 ላይ ያደረግሁት እኔው ነኝ፤ «ማንም የሌለበትን ምረጪ» የሚል ምክር ሰምቼ። ማይክሮዌቭም በዚሁ አካባቢ ባለ ሞገድ ነው የሚሠራው። የቀትር ስብሰባዬ ለምን ሁልጊዜ እንደሚበላሽ ያኔ ገባኝ።

ዋናው ጉድ ግን ራውተሩ የተቀመጠበት ቦታ ነበር። መልኩ ስለማያምር ኮሪደሩ ላይ ካለው ትልቅ መስታወት ጀርባ ደብቄው ነበር። ባለሙያው መስታወቱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና «ከኋላው እኮ በስስ ብረት የተለበጠ ነው፤ ፊትዎን እንደሚመልስልዎት ሞገዱንም ይመልሰዋል» አለ። አውጥቶ ከመደርደሪያው አናት ላይ አስቀመጠው። መኝታ ቤቱ 9 የነበረው 19 ሆነ። ላፕቶፑን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ሲያዛውረው 33። ይኼኛው ሰፊ ቦታ አለው፣ ግን ግድግዳ ቶሎ ያደክመዋል፤ ወጥ ቤት ስንደርስ ድራሹ ጠፋ። ለዚያ 2.4ቱን ቻናል 11 ላይ አድርጎ ተወልኝ።

ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ ራቅ ወዳለ ቦታ የሚያስተላልፍ ዕቃ) ልገዛ መሆኔን ስነግረው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ርካሾቹ የሚቀበሉትም የሚያስተላልፉትም ባንድ ሬዲዮ ስለሆነ እያንዳንዱ መልእክት አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይሄዳል፣ ፍጥነቱም ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ! ከዚያ ይልቅ «ከቦታው የማይነሳውን ዕቃ በገመድ፣ የሚንቀሳቀሰውን በዋይፋይ» አለና እስከ ጠረጴዛዬ ድረስ 20 ሜትር ገመድ በግድግዳው ሥር ዘረጋልኝ። ርቀቱ ፍጥነት አይቀንስም ወይ ስለው፣ እንዲህ ያለው ገመድ እስከ 100 ሜትር ችግር የለበትም አለኝ።

ቅሬታ አታጣም ካላችሁኝ፣ አርባ ደቂቃ አርፍዷል። ቀድሞ ደውሎ ነግሮኛል እንጂ። ወሬም ይወዳል፤ እኔን ግን ተመችቶኛል።

ስመለከተው ከዋልኩት ሁሉ ያልረሳሁት የመጨረሻውን ነው። የገመዱን ጫፍ ልጦ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች እያቃና «ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ…» እያለ በለሆሳስ ደረደራቸው፣ የፕላስቲኩን ራስ ገጠመ። ለካን፤ 48። እኔ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። እሱ ግን ላፕቶፑ ላይ የሆነ ቁጥር እያየ ፊቱን አኮሳተረ። ገመዱ 1000 ሜጋቢት መያዝ ሲገባው 100 ብቻ ነው የያዘው። የፕላስቲኩን ራስ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አሳየኝ፤ ሰማያዊዋ ሽቦ ጫፉ ድረስ አልገባችም። በአራት ሽቦም 100 ይሠራል፤ 1000 ለማግኘት ግን ስምንቱም መግባት አለባቸው።

«የኔ መስመር 50 አይደል እንዴ ልጄ? 100 መች አነሰኝ?» አልኩት።

«ዛሬ አያንስዎትም» አለና የፕላስቲኩን ራስ በመቀሱ ቆርጦ ጣለው። ከመጀመሪያው ጀመረ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ…